ፀሐይ ያልበቃው ሰዓት

የደንብ አስከባሪዎች ኃላፊ አቶ አያልነህ ሰዓት ሠሪውን ከመንገድ ዳር ሊያስነሡት ነበር። ያኔ ሌላ ሥራ አጥቼ አጠገቡ ጫማ እሰፋ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

በፀሐይ የሚሠራው ሰዓታቸው ቆሞባቸው፣ ሁለት ደንብ አስከባሪዎች አስከትለው ነው የመጡት። ከፍቶ አየውና፣ «የፀሐዩን ኃይል የሚያጠራቅመው ባትሪ ሞቷል፤ መቀየር አለበት» አላቸው።

«አንተ አጭበርባሪ! በፀሐይ ለሚሠራ ሰዓት ደግሞ የምን ባትሪ ነው? ፀሐዩ አይበቃውም? ያለ ባትሪ አስነሣው፤ አለዚያ ዛሬውኑ ጠረጴዛህን አስነሣዋለሁ!»

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ፀሐይ ብቻውን የሚበቃ ቢሆን ኖሮማ፣ እኔ እዚህ ሃያ ዓመት ስጠበስ ምሳ ባላስፈለገኝ ነበር።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። ጠረጴዛውን ሊያነሡ የተጠጉት ሁለቱ ደንብ አስከባሪዎችም ሳቁ። አቶ አያልነህ የቆመውን ሰዓት እጃቸው ላይ አስረው ሄዱ። ሰዓት ሠሪው እዚያው ቀረ።