ገመዱን የያዘው እጅ

አንድ ባለጠጋ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ወለተ ሐና፤ አሁን ዝም ብለሽ ስሚኝ።

ይህ ሰው በገዛ እጁ ያልነካውን ነገር አያምንም። ኮርቻውን ራሱ ሦስት ጊዜ ሳይፈትሽ በቅሎ አይወጣም፤ ሰርግ ሲጠሩት የሚጠጣውን ከቤቱ አስይዞ ይሄዳል። ሰነፍ አልነበረም፤ እንዲያውም እንደሱ ያለ ታታሪ በአገሩ አይገኝም። አንድ ነውር ነበረበት፣ እሱም ትልቅ ነውር ነው። አባታቸው ሲሞት ታላቅ ወንድሙን በሐሰት ምስክር ከርስቱ ነቅሎ ባዶ እጁን ሰዶታል። ታላቅየውም መነኮሰና በገመድ ካልሆነ በማይወጣ አምባ ላይ ገዳም ገባ። ሠላሳ ዓመት ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

አንድ ረቡዕ ቀን ከአምባው መልእክተኛ መጣ። «ወንድምህ ሊያርፍ ነው። ለእሑድ የሚደርስ አይመስልም። ‹ይቅር ሳልለው እንዳልሞት ቶሎ ይምጣ› ብሎሃል» አለው።

ሰውየው አለቀሰ። አትጠራጠሪ፣ ከልቡ ነው ያለቀሰው፤ ያ በደል ስንት ዘመን ውስጥ ውስጡን ሲበላው ኖሯል። ታዲያ ወዲያው ተነሣ? የት ተነሥቶ! «የምሳብበት ገመድ የማን ነው? ስንት ዘመን ሆነው?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር።

«አባቶቻችን የወጡበት ነው፣ ጌታዬ። እኔም በእሱ ወርጄ ነው የመጣሁ» ቢለው አልሰማም። ከጓዳው የበሬ ቆዳ አስወጥቶ፣ ጠፍር አስቆርጦ፣ አዲስ ገመድ ማስጎንጎን ያዘ። ራሱ ከአጠገብ ቁጭ ብሎ «አጥብቀው፣ እዚህ ጋ ላልቷል» እያለ ሐሙስ አለፈ፣ ዓርብም አለፈ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከገደሉ ሥር ደረሰ።

በዚያ አምባ የሚወጣ ሰው ወገቡን ይታሰራል፤ የገመዱን ጫፍ ከላይ መነኮሳቱ ይዘው ይስባሉ። የእሱ ሥራ እግሩን ዐለቱ ላይ እያሳረፈ መከተል ብቻ ነው። መነኮሳቱ አሮጌውን ገመድ ጣሉለት፤ እሱ አዲሱን ከጫፉ ቋጠረላቸው፣ ስበው ወሰዱት። ከዚያ ወገቡን ራሱ አሰረ፣ አራት ጊዜ ቋጠረ፣ መውጣት ጀመረ።

እስከ እኩሌታው ደኅና ሄደ። እኩሌታው ላይ ግን ገደሉ ወደ ውጭ ሆዱን ይነፋል። ከላይ ያለ ሰው አይታይም፤ ከታች የቆመችው በቅሎው ጫጩት አክላለች። እዚያ ላይ እግሩ ከዐለቱ ተነሣና አየር ላይ ቀረ። «በስመ አብ!» አለና ከስንጥቁ የወጣች የዋርካ ሥር አግኝቶ በሁለት እጁ አንቆ ያዛት።

ከላይ ሳቡ። እሱ ሥሯን አልለቅም አለ። ሲስቡ ገመዱ ጎኑን ይቆርጠዋል፣ እሱም ይጮኻል። በኋላ አንድ የደከመ ድምፅ ከላይ መጣ።

«የያዝከውን ልቀቅ!»

«ብለቅማ እወድቃለሁ! ማነህ አንተ? አላይህም!»

«እኔ ነኝ፣ ወንድምህ። በቃሬዛ አምጥተውኝ ነው። ገመድህን ይዣለሁ።»

ሰውየውን ላብ አጠመቀው። በሐሰት ያስመሰከረበት ወንድሙ! እጁን ቢያላላ ማን ይጠይቀዋል? ቂም የያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ያገኛል? ሥሯን ይበልጥ ጨበጣት። ደግሞ ዝቅ ብሎ ወገቡን አየ። እሱ ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ታች ሲከብድባቸው፣ ሲወራጭ፣ ሲሳደብ፣ ገመዱ አንዲት ጣት ታህል አልላላም። ያን ጊዜ ገባው። ሁለት ቀን ያስጎነጎነው ጠፍርም፣ አራት ጊዜ የቋጠረው ቋጠሮም፣ ጫፉ በዚያ በበደለው ሰው እጅ ነው፤ እስካሁን በሕይወት ያለውም ያ ሰው ስላልለቀቀው ነው። ፍርሃቱ ሌላ ፍርሃት ሆነበት፤ በታቦት ፊት የቆመ ሰው የሚፈራውን ዓይነት።

«አቤቱ፣ በእጅህ ነኝ» አለና ሁለቱንም እጁን ከፈተ።

አልወደቀም። ጉድ እኮ ነው! ሲታገሉት የዋሉት ሰዎች አዝለው እንደሚያወጡት ሕፃን አወጡት።

አምባው ላይ አራት ሽማግሌ መነኮሳት ቆመዋል። ከፊታቸው ቃሬዛ ላይ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሰው ተኝቷል። ገመዱን በክንዱ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞታል፤ ጠፍሩ ቆዳውን ልጦ ደም በደም አድርጎታል። ባለጠጋው ተንበርክኮ ያን ክንድ ሳመው።

«ቆየህብኝ» አለው ወንድሙ። «ሐሙስ ብትመጣ ሁለት ቀን እናወጋ ነበር። ይቅር ለእግዚአብሔር።» ፀሐይ ሳትጠልቅም ዐረፈ።

ወለተ ሐና፣ «አባ፣ ጎረቤቴ እህል ለመነችኝ። ጎተራዬ ሙሉ ነው፣ ግን ክረምቱ ቢከፋ ልጆቼን በምን አዘልቃለሁ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። እንግዲያው ያ ሰው አንቺ ነሽ። እኔም ነኝ፣ አልዋሽሽም። ጎተራሽ ያቺ ሥር ናት። አፍርሺው አላልኩሽም፤ አትቆጪ፣ እኔም እህል እበላለሁ። ግን እግዚአብሔር ወደ ላይ ሲስብሽ ጎተራውን እንዳነቅሽ «ጎኔን ቆረጠኝ» ትያለሽ። አላየውም ትያለሽ። እኮ፣ ማን አየው? ስንቴ በድለነዋል፣ እሱ ግን እስከዛሬ እጁን አላላላብንም። እሱ ባይዝሽ ኖሮ ያለፈውን ክረምት ያወጣሽ ጎተራው መሰለሽ?

ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ሴትየዋ ከለመነችሽ ስንት ቀኗ ነው? ሦስት? ሦስት ቀን ሙሉ አንቺ ጎተራ ስትለኪ እሷ ምን በላች? በይ ተነሺ ልጄ፣ መስቀሉን ሳሚና ሂጂ። ሳይመሽ ድረሺላት።