ገመዱን የፈታው መሪ

አንድ ገበሬ አዲስ የተመሠረተ የካናዳ ክፍለ ሀገር የመጀመሪያ መሪ ሆኖ ተመረጠ። አገሩ ዛፍ የማይታይበት ሜዳ ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ የበረዶ ውሽንፍር ይነሣል፤ ያን ጊዜ ሰው የገዛ እጁን እንኳ አያይም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ሁሉ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ፈረሶቹ ጋጣ ድረስ ገመድ ይወጥራል። ገመዱን ይዞ ይሄዳል፣ ገመዱን ይዞ ይመለሳል።

ዱንካን የተባለው ይህ መሪ ከዋናው ከተማ ሹማምንት ሊጎበኙት እንደሚመጡ ሲሰማ ገመዱ አሳፈረው። ፈታው።

«ምን ነካህ?» አለችው ሚስቱ ኤልስፔት።

«የልብስ ማስጫ መስሏቸው ይስቁብናል። እኔ እኮ አሁን መሪ ነኝ።»

«ታዲያ ውሽንፍሩ መሾምህን ሰምቷል?»

ዱንካን ገመዱን ጠቅልሎ አስቀመጠ።

እንግዶቹ በሚጠበቁበት ቀን ከሰዓት በኋላ ለፈረሶቹ ድርቆሽ ሊሰጥ ወጣ። ከጋጣው ሲመለስ ሰማይና ምድሩ አንድ ሆነው ጠበቁት። ቤቱ ፊት ለፊቱ እንደሆነ ያውቃል። ሄደ። ቤቱ የለም። ወደ ግራ ዞረ፤ ወይስ ወደ ቀኝ ነበር? እጁ እንጨት ነካ፤ አጥር መሰለው። ግን የማን አጥር? የራሱ ከሆነ ቤቱ ከኋላው ነው፤ የጎረቤት ከሆነ ደግሞ ከፊቱ። ትንሽ ሄዶ ያንኑ እንጨት መልሶ ነካ፣ ወይም ሌላ እንጨት ነበር። የክፍለ ሀገሩን ወሰን በካርታ ላይ ያሰመረው ሰው የገዛ ደጁ ጠፋው። ጣቶቹ ደነዘዙ። ሞት መጣብኝ ብሎ ፈራ።

ኤልስፔት ሲቆይባት ጊዜ ደጃፉ ላይ ቆማ ድስት በማንኪያ መቀጥቀጥ ጀመረች። ድምፁ ከየአቅጣጫው የሚመጣ መሰለው። ቆሞ አዳመጠ፣ ቀስ እያለ ተከተለው፣ በመጨረሻ የሚስቱን ቀሚስ ጨበጠ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲዞር የኖረው እዚያው ግቢው ውስጥ ነበር።

«የት ነበርክ?»

«እኔንጃ» አለ።

እንግዶቹ ሰማዩ ሲጠራ መጡ። ገመዱ ተመልሶ ተወጥሯል። አንዱ ሹም ፈገግ ብሎ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ቤቴን የማገኝበት ነው» አለ መሪው። ሹሙ ሳቀ፤ ዱንካንም ይሳቅ ብሎ ተወው።

ወዳጆቼ፣ ከፍ ስንል መጀመሪያ የምናፍርበት ነገር እስከዚያ ያደረሰን ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ገመድ የሚያስፈልገው የለም፤ ሁላችንም አዋቂ ነን። ሲጨልም ግን ሹመት መንገድ አያሳይም። እናንተስ ለእንግዳ ዐይን ብላችሁ የፈታችሁት ገመድ የቱ ነው? ብትጠፉስ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ድስት የሚቀጠቅጥላችሁ ሰው አላችሁ?