የቀኛዝማች ጭስ ማውጫ

ቀኛዝማች አስረስ የአሮጌ ጭነት መኪናቸውን ሞተር ሊያስለውጡ ጋራዥ ገቡ። አዲሱ ሞተር ገና መሬት ላይ ተቀምጧል። መካኒኩ ሁለት ዓይነት ጭስ ማውጫ አሳያቸው፤ አንዱ ድምፅ የሚያፍን ወፍራም ብረት፣ ሌላው ድምፁ ተራራ ማዶ የሚሰማ ቀጭን ቱቦ።

"ባለቤቴን ራሷን ያማታል፤ መኪናው ኮሽ እንዳይል!" ብለው ጮኹ ቀኛዝማች። "ገበያተኛው ግን መምጣቴን ከሩቅ ሰምቶ ብድግ ይበል! ሁለቱንም ካላደረግህልኝ ጋራዥህን አዘጋዋለሁ!"

ጩኸታቸውን የሰማ ሁሉ ከየሱቁና ከየጠጅ ቤቱ እየወጣ፣ ቆሞ እጅ ነሳ።

"ምን ችግር አለ ጌታዬ!" አለ መካኒኩ። "ወፍራሙን እገጥማለሁ፤ መኪናው ትንፍሽ አይልም። ለገበያው እርስዎ ይበቃሉ። ይኸው፣ ሞተሩ ገና መሬት ላይ ተቀምጦ መንደሩ ሁሉ ቆሟል!"