ከምርቃቱ የቀደመ አሜን

አይጥ ጠብቆ የሚያድር አንድ ሰው ነበር። አትሳቁ፣ እውነተኛ ሥራ ነው! እናንተ ወጥመድ የምታጠምዱላትን አይጥ እሱ እህል ያቀርብላት፣ ውኃ ይቀዳላት፣ መኝታዋን ያነጥፍላት ነበር። ሐኪሞች ስለ አንጎል በሚመራመሩበት ቤት የአይጦቹ ክፍል ጠባቂ ነበር። ስሙ ተካልኝ ይባላል። ሰፈርተኛው ግን "የአይጥ አባት" ነበር የሚለው። እሱም ይስቃል እንጂ አይቆጣም።

ይህ ሰው እናት ነበሩት፤ እማማ አሰገደች። በዚያ ሰፈር እሳቸው ሳይመርቁት መንገድ የሚጀምር፣ እሳቸው ሳይመርቋት ከአራስ ቤት የምትወጣ አልነበረም። ምርቃት ታውቁት የለ? መራቂው አንድ ቃል ይላል፣ ቤቱ "አሜን!" ይላል። ያ አሜን ደግሞ የሚቀጥለውን ቃል ከመራቂው ሆድ ይስበዋል። እማማ አሰገደች አሜኑ ሲደምቅላቸው ጊዜ ማቆሚያ አልነበራቸውም፤ ወጡ ቀዘቀዘ እስኪባል ድረስ ይመርቁ ነበር።

ከዚያ ጆሯቸው ደከመ፤ ቆይቶም ጭራሽ ጠፋ።

አንድ የበዓል ቀን እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ቆም ብለውም አዳመጡ። ምንም የለም። ደግመው መረቁ። ምንም። ሰው ሁሉ አሜን እያለ ነው እኮ! እሳቸው ዘንድ ግን አልደረሰም። ቀስ ብለው እጃቸውን አጠፉ። "አሜን ያላገኘ ምርቃት ደጃፍ ላይ ይቀራል" አሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማንንም አልመረቁም።

ተካልኝ ምን አደረገ? እኛ ሁላችን የምናደርገውን አደረገ፤ ጮኸ። ትከሻቸውን እየነካ "እማዬ! አሜን እያልን ነው!" ብሎ ጮኸ። እሳቸውም ትከሻቸው ሲነካ ዞር ብለው "ምነው፣ ምሳ ደረሰ?" ይሉታል።

እንዲህ እንዲህ ሲል የተካልኝ ልጅ ቤዛዊት ልታገባ ሆነ። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈች አዝለው ያሳደጓት እኚሁ አያቷ ናቸው።

"አባዬ፣ አያቴ ካልመረቀችኝ ከዚህ ቤት እንዴት አድርጌ ነው የምወጣው?" አለችው።

"ጋሽ ወርቅነህን እንለምናቸዋለን። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይመርቁሻል።"

"ደግ ሰው ናቸው። ግን እሳቸው አላዘሉኝም።"

ተካልኝ ነገሩን ሲያሰላስል አደረ።

በማግስቱ ከሐኪሞቹ አንዷ፣ ዶክተር ሰብለ፣ ጠራችው። "ጋሽ ተካልኝ፣ ይምጡ እስቲ፣ ይህን ይስሙልኝ!" አንዲት አይጥ በትንሽ ገበታ ላይ ቆማለች። ከራሷ የወጣች ቀጭን ሽቦ ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዛለች። ከአንጎሏ ሕዋሳት አንዷ በነቃች ቁጥር ማጉያው ጠቅ ይላል።

ሐኪሟ መጀመሪያ የአይጧን እግር በለስላሳ ብሩሽ ዳሰሰች። ማጉያው ዝም። ቀጥላ ድምፅ አሰማቻት፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። በመጨረሻ ያለ አንዳች ድምፅ ገበታውን ብቻ አንዘረዘረችው፤ አሁንም ጠቅ ጠቅ ጠቅ!

"ያው ነው እኮ!" አለ ተካልኝ።

"ያችው ሕዋስ ነች። በጆሮ የመጣውም በእግር የመጣውም እሷ ዘንድ ይገናኛል። አብረው ሲመጡላት ደግሞ ይበልጥ ትነቃለች።"

"ታዲያ በብሩሹ ሲነኳት ምነው ዝም አለች?"

"መነካት በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ይህችኛዋ የምትፈልገው ንዝረት ነው።"

ተካልኝ እጁን አገጩ ላይ አደረገ። "ዶክተር፣ ሰውስ እንዲህ ነው?"

"የሰውን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጋሽ ተካልኝ። እኔ ያጠናሁት አይጥ ነው።"

"እኔም የኖርኩት ከአይጥ ጋር ነው" አላት።

ይህን በሆዱ ይዞ ሰነበተ። እንዴት ያድርገው? ጸጉሩ ሸብቶ ከእናቱ እግር ሥር ተደፍቶ፣ ንዝረቱ እንዲደርሳቸው ማጉረምረም አሳፈረው። እፍረት ስንቱን አስቀርቶብናል፣ ልጆቼ!

የሠርጉ ቀን ጠዋት ቤቱ ሞላ። ሙሽራዋ ነጭ ለብሳ ከአያቷ ፊት ተንበረከከች፤ እንደ ወጉ ጉልበታቸውን ሳመች። እማማ አሰገደች ራሷን ዳሰሱ። ምርቃት ግን አልወጣቸውም። ጋሽ ወርቅነህ ተተክተው ሊመርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚዜዎቹ ሰዓት ያያሉ። ልጅቷ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ልትነሣ ስትል፣

"ቆይ! አትነሺ!" አለ ተካልኝ። "አገጭሽን ጉልበቷ ላይ ትከዪና አሜን በይ። ጥርስሽ እስኪንዘረዘር በይ!"

"አባዬ፣ ገና ምን ተመረቅሁና?"

"ግዴለም፣ አንቺ በይ!"

አገጯን ተከለች። "አሜ...ን" አለች። መጨረሻዋን እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመች አስረዘመቻት።

የአያቷ እጅ ቀጥ አለ። ጉልበታቸውን አዩ። "ማነው?" አሉ።

ልጅቷ ደገመችው።

"ውይ፣ ልጄ! አንቺ ነሽ እንዴ? ገና ሳልመርቅ አሜን? ምን ያጣድፍሻል!"

ቤቱ ሳቀ። የሳቀው ሁሉ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። እማማ አሰገደች ታጥፎ የከረመ እጃቸውን ዘረጉ።

"እንግዲህ ካልሽስ... እግርሽን እንቅፋት አያግኘው።"

"አሜን።"

"እኔ እንዳዘልኩሽ፣ ድካምሽን የሚያዝልልሽ ባል ያድርግልሽ።"

"አሜን።"

ጸጉሩ የሸበተው ተካልኝም አልቻለም። ሄዶ በግራ ጉልበታቸው ተደፋ። "አሜን" ሲል ወደ እሱ ዞሩና "አንተም ነበርህ?" አሉት።

ነበረ። ሁልጊዜም ነበረ። አልደረሳቸውም እንጂ።

እናንተስ፣ ልጆቼ? ቤታችሁ ውስጥ እጁን ያጠፈ ሰው የለም? ያ ዝም ያለው አባት ፍቅሩ አልቆ ይመስላችኋል? ያቺ ጥግ የያዘች እናት ጠልታችሁ ይመስላችኋል? አሜናችሁ አልደረሳቸውም። እናንተማ ብላችኋል፤ ከደጅ ሆናችሁ፣ በስልክ፣ በሩጫ ብላችኋል። ስታልፉም ትከሻቸውን ነካ አድርጋችኋል። የነካነው ሁሉ ግን ሰምቶናል ማለት አይደለም።

ፈጣሪ ለአይጥ እንኳ ሁለተኛ መንገድ ሠርቶላታል። ለእናታችሁ ይነፍጋታል? እሱ ራሱስ ሥጋ ለብሶ የመጣው ከሰማይ መጮኽ ተስኖት ነው? ቀርቦ ሊያሰማን አይደለም?

ስለዚህ ዛሬ ስትገቡ ድምፃችሁን አትጨምሩ፤ ርቀታችሁን ቀንሱ። "እሷ ትጀምር፣ እሱ ይቅደም" አትበሉ። ምርቃቱ እዚያው ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል፤ ተንበርከኩና እናንተ አስቀድማችሁ አሜን በሉ።