ቀይዋን ዓሣ አሳየኝ

«አንድ ሰው ነበረ፤» ብለው ጀመሩ መምህር አጥናፉ። ጥያቄውን ይዞ የመጣው ጎረቤታቸው ገሠሠ ነው። ልጁ ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ከክፍሏ አትወጣም፤ ያገኛትንም አትናገርም። «ጠዋት ማታ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ግን ጭራሽ ባሰባት። ምን ላድርግ?» ብሏቸው ነበር።

በመምህሩ ታሪክ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሚስት ነበረችው። ሚስቱ ሳሎናቸው ጥግ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ትናንሽ ዓሣዎች ታረባለች። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው አንዲት ጅራተ ረጅም ቀይ ዓሣ ነበረች። ሴትየዋ ታመመችና ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኛች። እህቷ አብራት ስትሆን፣ ባሏ ልጆቹን ሊጠብቅ ቤት ቀረ።

አንድ ቀን ደወለች። «ዓሣዎቼ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«ቀይዋስ?»

«እሷም ደኅና ናት።»

«እንግዲያው ፎቶዋን ላክልኝ።»

ቀላል መሰለው። ገንዳው ፊት ቆሞ ስልኩን ደገነና ፍላሹን አበራ። ፎቶውን ቢያየው መሐሉ ላይ ነጭ ብርሃን ፈሶበታል፤ ከብርሃኑ ኋላ የራሱ ፊት ይታያል። ከዓሣዋ የተገኘው የጅራቷ ጥላ ብቻ ነው። ትምጣልኝ ብሎ መስታወቱን በጣቱ ቢያንኳኳ ከድንጋይ ሥር ገባች። የቤቱን መብራት ሁሉ ቢያበራ ጭራሽ ተሸሸገች። ቸገረውና ያገኘውን ላከ።

«እኔ ያየሁት አንተን ነው፤» አለች ሚስቱ። «ሞታለች አይደል? እንዳይከፋኝ ብለህ ትደብቀኛለህ።» ብላ ዘጋችበት። ወዲያው እህቷ ደውላ ምግብ አልቀምስም እንዳለች ነገረችው።

እውነት ተናግሮ እንደ ዋሾ መቆጠሩ አንጀቱን አሳረረው። መረብ አነሳና እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ነከረ፤ አውጥቶ በመዳፉ ይዞ ፎቶ ሊያነሳት ነው። ዓሣዋ ስትሸሽ ከመስታወቱ ጋር ተላተመች። በጎኗ ተጋድማ አፏን ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ሰውየው ክው አለ።

«በሕይወት መኖሯን ላሳይ ብዬ ልገድላት ነው!»

እጁን ቀስ ብሎ አወጣ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዓሣዋ ተንፈራግጣ ቀና ስትልና ወደ ድንጋይዋ ስትመለስ እስኪያይ ድረስ አልተነፈሰም። ያኔ ነው መስታወቱን ያስተዋለው፤ አምፖሉ፣ መስኮቱ፣ የገዛ ፊቱ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተለጥፈዋል።

ተነሣ። አምፖሉን አጠፋ፣ መጋረጃውን ጋረደ፤ ከገንዳው በላይ ያለችውን ትንሿን መብራት ብቻ ተወ። መስታወቱን በጨርቅ ወለወለ። ፍላሹንም አጠፋ። ከዚያ በዓሣዎቹ ልክ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ስልኩን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ ያዘ። አላንኳኳም፣ አላባረረም። እግሩ ደነዘዘ፤ እሱ ግን ጠበቀ።

መጀመሪያ ትናንሾቹ ብቅ አሉ። ቆይታ ቀይዋ ከድንጋዩ ኋላ ወጣች፤ ቀዘፍ ቀዘፍ አለችና ልትዞር ስትል ለአፍታ ቆመች። ይህን ጊዜ የስልኩን ፎቶ ማንሻ ነካው። ዓይኗ ጥርት ብሎ፣ ቅርፊቷ አንድ በአንድ ተለይቶ ወጣ።

ላከው። ስልኩ ጮኸ።

«ራሷ ናት! ክንፏ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር ታየችኝ!» ሚስቱ ትስቃለች። ቀጥሎም ወደ እህቷ ዞራ «እስቲ ያንን ሾርባ አቀብዪኝ» ስትል ሰማት። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ እፎይ አለ።

መምህር አጥናፉ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

«ገሠሠ፣ ልጅህ ያቺ ዓሣ ናት። ደኅና መሆኗን ላረጋግጥ ብለህ መረብ ይዘህ ትገባባታለህ። ጥያቄህ ፍላሽ ሆኖባታል፤ አንተም ፊቷ ላይ የምታየው የራስህን ጭንቀት ነው። ዝቅ በልና አጠገቧ ተቀመጥ፣ ውኃው ይርጋ።»

«መጠየቄን ልተው ነው የሚሉኝ?»

«ተው። አባትነትህ በመጠየቅህ የሚለካ መሰለህ?»

ገሠሠ ልጁ ከመጣች ጀምሮ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲነሣለት ተሰማው።

«ዛሬ ራት ላይ፤» አሉት መምህሩ፣ «ምግቡን ክፍሏ ድረስ ውሰድላት፤ ወጡን ወደ እሷ ጠጋ አድርግላትና ዝም ብለህ አብረሃት ብላ።»