የለምለሚት ነጋሪት መቺ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ለሦስት ዓመት ፊቱን ባዞረበት ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳት ረሃባቸውን የሚረሱበት አንድ ጨዋታ ነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ገደል የተናገሩትን ሁሉ ተቀብሎ ለሸለቆው ያዳርሳል። አንዱ ከዋሻው ሳይወጣ ይናገራል፣ ገደሉ ያስተጋባል፣ ሌላው ከጥሻው ሆኖ ይመልሳል። እንዲህ እየተጠራሩ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ በአፋቸው ብቻ አንድ አገር ሠሩ። ስሟንም ለምለሚት አሏት። በለምለሚት ዝናብ በቀኑ ይዘንባል፣ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ተርቦ የሚያድር የለም።

በለምለሚት ማንም እንደ ተፈጥሮው መሆን አይገደድም ነበር። አህያ ንግሥት ነበረች። ዕድሜውን ሙሉ ጠግቤያለሁ ብሎ የማያውቀው አያ ጅቦ፣ ሥጋ የማይቀምስ ባሕታዊ ሆኖ ይጫወታል፤ በየመሀሉ «ዛሬም ጾመኛ ነኝ» እያለ ሲያዛጋ ሸለቆው በሳቅ ይሞላል። ጥርሱ የረገፈው አያ አንበሶ ሸማኔ ነበር። ቀበሮ ደግሞ የንግሥቲቱ ታማኝ በር ጠባቂ ነበረች። በዚህኛው ማንም አይስቅም፤ ቀበሮ ጎበዝ ተጫዋች ስለነበረች ሁሉም ከልቡ አምኗታል።

የአገሪቱን ሕግ የሚያስታውሱት አባ ጉሬዛ ነበሩ። ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ደርበው ከዛፋቸው ላይ ሆነው፣ ማን መቼ ምን እንዳለ አንድም ሳይስቱ ይዘውታል። የለምለሚት ወንዝ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል ከተባለ ይፈሳል፤ በማግስቱ ወደ ምዕራብ ላፍስሰው የሚል ቢመጣ «አይሆንም ልጄ፣ ተብሏል» ይሉታል። ከሕጎቹ ሁሉ ሁለቱን ግን አጥብቀው ይጠብቁ ነበር። የአንዱን ሚና ሌላው አይወስድም፤ ባለቤቱ ከሞተ ሚናውም አብሮት ይቀበራል። ደግሞም የሸለቆው ቦታ በለምለሚት አይጠራም፤ ማንም የማንንም ጎሬ አይጠይቅም። ንግሥቲቱ አህያ፣ ባሕታዊው ጅብ በሆኑበት አገር የዚህ ሕግ ምክንያት ለማንም የተሰወረ አይደለም።

አህያ አንድ ውርንጭላ ነበራት። የለምለሚት ነጋሪት መቺ እሱ ነበር። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» እያለ ሲጮህ ድምፁ ከገደሉ ላይ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ችኩል ስለነበረ ብዙ ጊዜ አዋጁ ሳይወሰን ቀድሞ ያውጀዋል፤ ንግሥቲቱም የልጇን አፍ ላለማሳፈር ስትል የታወጀውን ታጸድቅለታለች። በዚህ መንገድ ለምለሚት ውስጥ እንቅልፍ እስኪጠግቡ መተኛት ሕግ ሆኖ ቀረ።

በሦስተኛው የድርቅ ዓመት ውርንጭላው ውሃ ፍለጋ ወደ ኩሬው ወረደ። ኩሬው ውሃ አልነበረውም፤ ጭቃው ግን እስከ ደረቱ ያዘው። እናቱ ጋማውን በጥርሷ ነክሳ ስትጎትት ዋለች። አልሆነላትም። የሚያግዛት ፍለጋ ሄደች፤ ስትመለስ ሞቶ አገኘችው። ከኩሬው ዳር የነበረች ቆቅ፣ እስከ መጨረሻው «እማዬ» እያለ ሲጣራ እንደነበር ነገረቻት። ባትነግራት ይሻል ነበር።

ለምለሚት ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ነፋሱ ሲጋብ የአህያ ድምፅ ከገደሉ ተሰማ። እህል ውሃ ካልቀመሰች ሦስት ቀኗ እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል።

«አባቴ፣ ልጄ ከዚያ ጭቃ አይወጣም፤ ይህን አውቃለሁ» አለች። «በለምለሚት ግን ጭቃ የለም። እዚያስ ለምን ይሞታል?»

አባ ጉሬዛ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ ሕጉ እሷን ለመጉዳት እንዳልወጣ፣ የሞተ ሚና በሌላ አፍ ቢናገር የሚመጣው ልጇ ሳይሆን ሌላ መሆኑን በለሰለሰ ቃል አስረዷት። የአህያ ለቅሶ ግን በገደሉ ላይ ወጥቶ ወርዶ ለሁሉም ጎሬ ደረሰ።

ይህን ጊዜ ቀበሮ ተናገረች። በር ጠባቂ ናትና በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ማባረር እንደማትችል፣ ሌሎቹ ከፈቀዱላት ነጋሪቱን እሷ እንደምትመታ፣ የልጁን ድምፅም አሳምራ እንደምታውቀው ተናገረች። እውነቷን ነው፣ ታውቀዋለች፤ ቀበሮ የማታውቀው ድምፅ አልነበረም። ቆቅ ደግፋ ተነሣች። አያ አንበሶም ሕግ ለእኛ እንጂ እኛ ለሕግ አልተፈጠርንም አለ፤ ሽማግሌ ነውና ቃሉ ተሰማለት። አያ ጅቦ ደግሞ ሕግ የሚሻሻል ከሆነ የእሱም ጾም ነገር አብሮ ቢታይለት ጠየቀ። ሁሉም ሳቁ። መሳቅ አልነበረባቸውም።

አባ ጉሬዛ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አሉ። «ዛሬ በእንባ የቀደድነውን ነገ ማን ይሰፋዋል?»

አያ አንበሶ ሸማኔው እኔ አለሁ ብሎ ቀለደ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡለት። አባ ጉሬዛ ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። ለአህያ ከሁሉም በላይ ያዘኑት እሳቸው ነበሩ፤ ደግሞም በሕግ ስም ጨካኝ መባልን ፈሩ። እንግዲያው ይሁን አሉ። እዚህ ላይ አባን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔም ከዚያ ዛፍ ላይ ብሆን ኖሮ ይሁን ማለቴ አይቀርም ነበር።

በማግስቱ ነጋሪት መቺው ተመለሰ። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲል ሸለቆው ቀጥ አለ። ችኮላው እንኳን ሳይቀር ያው ነበር፤ አዋጁ ሳይወሰን አወጀው። አህያ እየሳቀች አለቀሰች፤ ያን ቀን ደረቅ ቅጠል ቀነጣጥሳ በላች። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ክፉ ነገር አልሆነም። ቀበሮ መጀመሪያ ላይ በጎ አስባ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም፤ ግን ይባላል።

በስምንተኛው ቀን ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ጾሙ እንዴት ይዞሃል?»

«ተይኝ እቴ። ትናንት የገዛ ጭራዬን አይቼ ምራቄን ዋጥኩ።»

«ንግሥቲቱን ባመጣልህስ?»

አያ ጅቦ ጆሮውን አቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ተጨነቀ። «ባሕታዊ ንግሥት ይበላል እንዴ?»

«ሕጉ ተሻሽሏል።»

«ለኔ ሳይነግሩኝ?» አለና አያ ጅቦ ቅር አለው፤ ቅሬታው ግን ብዙ አልቆየም። ቀበሮ ሦስቱ ቁልቋሎች ካሉበት የወንዝ መሻገሪያ፣ መልካው ዳር ተጋድሞ እንዲጠብቅ፣ ምንም ቢሰማ እንዳይስቅ አጥብቃ ነገረችው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለመልካም ነገር ብቻ አይደለም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የነጋሪት መቺው ድምፅ ደክሞ መጣ። ወደ ጠረፍ አዋጅ ሊያደርስ ሄዶ ሽፍታ እንዳቆሰለው ተናገረ። ከዚያም «እማዬ፣ እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ሦስቱ ቁልቋሎች ካሉበት መልካ ላይ ነኝ። ነይልኝ» አለ።

አባ ጉሬዛ ከቅርንጫፋቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። «ንግሥት ሆይ፣ ያ መልካ የለምለሚት አይደለም፤ የኛው የሸለቆው ነው። እንዳትሄጂ።»

ከየጎሬው ማጉረምረም ተነሣ። በጨዋታው መሀል እንዲህ ገብቶ መናገር ነውር ነበር። ቆቅ የሚያምር ነገር እየመጣ አባ አበላሹት አለች። አያ አንበሶም የሞተ ልጅ ሲመለስ ያልተከለከለ፣ አንዲት መልካ ስትጨመር ለምን ይከለከላል ብሎ ጠየቃቸው። ጥያቄው ልክ ነበር።

በዚህ መሀል ከገደሉ ላይ አንዲት ቀጭን ሳቅ ተሰማች። አያ ጅቦ አልቻለም ነበር። ሳቋ ወዲያው ታፈነች፤ ግን ሁሉም ሰማት። ባሕታዊው በጸሎት ላይ ነው ብለው የቀለዱም ነበሩ።

«ልጄ፣ ሰማሽ?» አሉ አባ ጉሬዛ።

«ሰማሁ አባቴ። የማን ሳቅ እንደሆነም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ትሄጃለሽ?»

«ልጄ አለመሆኑን አውቃለሁ» አለች አህያ። «ግን አንድ ጊዜ ሲጠራኝ አልደረስኩም። ሁለተኛ በዚያው ድምፅ ተጠርቼ ብቀር፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን አልችለውም።»

ከመኖሪያዋ የእሾኽ ጥሻ ወጥታ ቁልቁል ስትወርድ አባ ጉሬዛ ከዛፋቸው ላይ አዩዋት። ስንት ዓመት አብረዋት ሲጫወቱ ንግሥቲቱን በዓይናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ቀን ነበር። ትንሽ ነበረች፤ የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠራል። ሳትሮጥና ሳትቆም እየተራመደች ወደ መልካው ደረሰች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ንግሥትነቷም አላስጣላትም። ገደሉም የሰማውን መምረጥ አያውቅምና ያን ሁሉ ለሸለቆው አስተጋባ። እንስሳቱ ጆሯቸውን ይዘው ቆዩ።

በማግስቱ ነፋሱ ሲጋብ የሚናገር ጠፋ። ብዙ ከቆየ በኋላ ግን ከገደሉ የንግሥቲቱ ድምፅ መጣ። «ሕዝቤ ሆይ፣ እንደምን ዋላችሁ? ልጄን አግኝቼው በሰላም ተመልሻለሁ።»

እፎይታው ሌላ ነበር። ቆቅ በደስታ አለቀሰች። አያ አንበሶ አባ ጉሬዛ በከንቱ ሕዝቡን እንዳሸበሩ ተናገረ። አያ ጅቦ ብቻ፣ ቀበሮ ከጎኑ ተቀምጣ አፏ ሲንቀሳቀስ እያየ፣ ሆዱን ዳበሰና «በልቻት አልነበር እንዴ?» ብሎ በፍርሃት ጠየቃት።

አባ ጉሬዛ ንግሥቲቱ መሞቷን፣ በዓይናቸው ማየታቸውን፣ የምትናገረውም በር ጠባቂዋ መሆኗን ጮኸው ተናገሩ። የሰማቸው አልነበረም። ግማሹ አላመናቸውም። የቀረው ግማሽ አምኗቸዋል፤ ግን አመንኩ ካለ ለምለሚት ልትቀርበት ነው፤ ከለምለሚት ወዲያ ያለው ደግሞ ረሃብ ብቻ ነው። ቀበሮም በበር ጠባቂዋ ድምፅ፣ እንዲህ በመጠርጠሯ ልቧ ማዘኑን ገለጸች። ብዙዎች አጽናኗት።

ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ ግብር አበላለሁ ብላ ቆቅን ወደ መልካው ጠራቻት። ቆቅ ሄደች፤ በማግስቱ ግብሩ እንዴት ያማረ እንደነበር በገደሉ ላይ ስትናገር ተሰማች። ሚዳቋም ሄዳ ያንኑ ተናገረች። በመጨረሻ አያ አንበሶ ኩታ እንዲሠራ ታዘዘና፣ ጥርስ በሌለው አፉ እያንጎራጎረ ወረደ። የአንበሳ ሥጋ ጠንካራ ነው እያለ አያ ጅቦ ሁለት ቀን አማረረ።

ለምለሚት ግን እንደዚያ ደምቃ አታውቅም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ማንም አይቀርም፤ ንግሥቲቱ፣ ነጋሪት መቺው፣ ሸማኔው ሁሉም አሉ። አባ ጉሬዛ አንድ ነገር አስተዋሉ። ድሮ ሁሉም በአንድ ላይ ይንጫጫ ነበር፤ አንዱ የሌላውን አፍ ይነጥቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። አሁን ግን አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። በአንዱና በሌላው መካከልም ትንፋሽ የመሳብ ያህል ዝምታ አለ።

አንድ ቀን ልባቸውን አጽንተው «የለምለሚት ሰዎች፣ ማን ማን አላችሁ?» ብለው ተጣሩ።

«አለሁ» አለች ንግሥቲቱ። ትንፋሽ። «አለሁ» አለ ነጋሪት መቺው። ትንፋሽ። ሸማኔው አለሁ አለ፣ ቆቅ አለሁ አለች፣ ሚዳቋም እንዲሁ። ከዚያ ሌላ ትንፋሽ ተሳበና፣ አባ ጉሬዛ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ከገደሉ የገዛ ራሳቸው ድምፅ ወጣ።

«አባ ጉሬዛም አለሁ፤ ሕጉ እንደተጠበቀ ነው።»

አባ ቁልቁል ቢያዩ፣ አያ ጅቦ ከዛፋቸው ሥር ተጋድሞ አንጋጦ ይጠብቃቸው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁላችንን እንዲጠብቅ አብረን ያወጣነውን ሕግ ለአንዷ እንባ ስንል ስናላላ በዚያው ቀዳዳ ማን ሊገባ እንደሚችል አስቀድመን ካልጠየቅን፣ ያዘንንላትንም ራሳችንንም በገዛ እጃችን ለጅብ አሳልፈን እንደምንሰጥ ነው።