ለእህቱ ታብሌት የገዛው ነጋዴ

አንድ መጋረጃና ምንጣፍ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ አዝመራው ይባላል። በሚኖርበት ከተማ ገበያ ውስጥ ዋጋ በመከራከር እሱን የሚያህል አልነበረም። ሰው አልጋ ሊገዛ ሲል፣ ቴሌቪዥን ሊገዛ ሲል፣ መጀመሪያ እሱን ያማክራል። እሱም መማከር ደስ ይለዋል። «እኔን ማንም አያታልለኝም» ማለት የዘወትር ወሬው ነበር፤ ማንም ሳያታልለው ራሱን እንዴት እንዳታለለ ነው የምነግራችሁ።

ትርንጎ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። ትርንጎ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መስማት አትችልም። ሩቅ አገር፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አድጋ፣ የምልክት ቋንቋውንም ንባቡንም ጽሕፈቱንም አሳምራ አውቃ ነው የተመለሰችው። አሁን ጥልፍ እየጠለፈች ትኖራለች። ከባለሱቅም ከጎረቤትም ጋር በወረቀት እየጻፈች ትግባባለች። ከወንድሟ ጋር ግን ወረቀት አታወጣም። ለምን ታወጣለች? እሱ ይገባዋላ! በእጇ ስታወራው ዓይን ዓይኗን ያያታል፣ እሺ እሺ እያለ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሷ ስትስቅ ይስቃል፣ ስታዝን ያዝናል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ምንም አይገባውም ነበር። «ብላ» እና «ና» ከምትለው በቀር አንዲት ምልክት አያውቅም። ድሮ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ሰሞን ልማር ብሎ ነበር፤ ሱቁ በዛበትና ነገ ዛሬ ሲል ቀረ። ከዚያ በኋላ አልገባኝም ማለት አሳፈረው። አንድ ቀን ያሳፈረው ነገር ልማድ ሆነና ሃያ ዓመት ሙሉ ራሱን ሲነቀንቅ ኖረ።

አንድ ቀን ለትርንጎ ደስ የሚል ደብዳቤ መጣላት። ያደገችበት ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል። አገሩ ሩቅ ስለሆነ ፈተናው በቪዲዮ ነው፤ እዚያ ያሉት መምህራን በምልክት ቋንቋ ይጠይቋታል፣ እሷም በእጇ ትመልሳለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የተመኘችው ይህንኑ ነበር፤ እንደሷ ያሉትን ልጆች ማስተማር። ለዚህ ታብሌት ያስፈልጋታል። ከጥልፏ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በፖስታ አድርጋ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። የገበያ ሰው እሱ ነዋ።

ፖስታውን ከሰጠችው በኋላ፣ ማዶ ያለውን የታብሌት መሸጫ በጣቷ ጠቁማ፣ የምትፈልገውን ነገረችው። ወደ ዓይኗ አመለከተች። ሁለት እጆቿን ደረቷ ፊት ዘርግታ አንቀሳቀሰች፣ በጣቶቿም ዙሪያቸውን ክፈፍ ሠራችላቸው። ከዚያ ጆሮዋን ነካ አድርጋ «ይሄ ይቅር» በሚል እጇን አወናጨፈች። ጎበዝ፣ ይሄ እንኳን ለወንድም ለመንገደኛም ይገባል! አዝመራው ግን በአንድ ዓይኑ ምንጣፍ የሚያገላብጥ ደንበኛ እያየ ነበር። ትርንጎ በፊቷ «ገባህ?» አለችው። ራሱን ነቀነቀላት። ደስ ብሏት ትከሻውን ሳመችውና ሄደች።

አዝመራው የታብሌት መሸጫው ሲደርስ ባለሱቁ ሸምሱ ወንበር ሳበለት።

«ጋሽ አዝመራው፣ ምን ልታዘዝ?»

«ጥሩ ታብሌት አምጣ፤ ለእህቴ ነው።»

ሸምሱ ሦስት ታብሌቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «ይሄ በብዕር ለሚሥል ሰው ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እነዚህ ሁለቱ ዋጋቸው እኩል ነው። ይኼኛው አራት ድምፅ ማጉያ አለው፤ ዘፈን ለሚሰማ፣ ፊልም ለሚያይ ሰው እንደሱ አይገኝም። የፊት ካሜራው ግን ደካማ ነው። ያኛው ደግሞ ድምፁ እንደ ነገሩ ነው፣ የፊት ካሜራው ግን ጥርት ያለ ነው፤ ፊት ለፊት እየተያየ በቪዲዮ ለሚያወራ ሰው እሱ ይሻላል። እህትዎ ምን ይሠሩበታል?»

አዝመራው ታብሌቶቹን አገላበጠ። ምን እንደምትሠራበት ነግራዋለች፤ እሱ ግን አያውቅም። «ያው… ለሁሉም ነገር ነው» አለ።

«ካሜራ ይበልጥባቸዋል ወይስ ድምፅ?»

እዚህ ጋ አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። «እህቴ መስማት አትችልም» ቢል ነገሩ ሁሉ አለቀ። ግን አጠገቡ ሌሎች ገዢዎች ቆመዋል፤ ሁለቱ ያውቁታል። በሰው ፊት እህቱን እንዲህ ናት ማለት አሳፈረው። አፉ ድረስ የመጣውን ቃል ዋጠው።

«እስቲ ድምፁን አሰማኝ» አለ።

ሸምሱ ዘፈን ከፈተ። ሱቁ ተናወጠ፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች እንኳ ዞረው አዩ። የአዝመራው ልብ ቅቤ ጠጣ። «ይሄ ነው ታብሌት ማለት!» አለና መከራከር ጀመረ። ሸምሱን መድረሻ አሳጥቶ ዋጋውን አስቀነሰ፣ ማቀፊያውንም በነጻ አስጨመረና እየተኩራራ ወጣ።

የፈተናው ቀን ትርንጎ ጠዋት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ራሷ የጠለፈችውን ቀሚስ ለብሳ ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ አቆመች። ወንድሟንም ጠርታው ነበርና አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱ ሲደርስ ከዚያኛው ወገን አንዲት አሮጊት መምህርት በታብሌቱ መስተዋት ላይ ብቅ አሉ። ትርንጎ አወቀቻቸው፤ ልጅ ሆና ያስተማሯት ናቸው። ሳቅ ብላ በእጇ ሰላምታ ሰጠች።

መምህርቷ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ጥቂት ቆይቶ በመስተዋቱ ላይ ጽሑፍ መጣ፦ «እጅሽ አይታየንም። ወደ ብርሃን ቅረቢ።»

ትርንጎ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በመስተዋቱ ጥግ የሚታየው የራሷ ምስል ፊቷን ያሳያል፤ እጇን ስታንቀሳቅስ ግን ጣቶቿ ይደበዝዙና እንደ ጭስ ይሆናሉ። ታብሌቱን ይዛ ወደ በሩ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ግቢው ወጣች። ያው ነው። እጇን ዝግ አድርጋ ሞከረች፤ ያው ነው።

አዝመራው ተጨነቀ፤ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ተከትሏት ወጣና እጁን ሰዶ የታብሌቱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው!

መምህርቷ ካሉበት ክፍል የወንበር መንቋቋት፣ የሆነ ሰው ሳል፣ የውጭ ጫጫታ ሁሉ ግቢውን ሞላው። አራቱም ድምፅ ማጉያዎች ጮኹ። የጎረቤት ሰዎች በአጥር ላይ ብቅ አሉ። ትርንጎ ብቻ ምንም አልሰማችም። እንደተደናገጠች ጣቶቿን ታያለች። አዝመራው ያን ጊዜ ገባው። ይህን ሁሉ ድምፅ በዚያ ቤት የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። በእህቱ ገንዘብ ለራሱ ጆሮ ነበር የገዛው። ላብ አጠመቀው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በመስተዋቱ ላይ የመጨረሻው ጽሑፍ መጣ፦ «ይቅርታ ልጄ፣ ሌሎች ተፈታኞች እየጠበቁ ነው።» ከዚያ መምህርቷ ጠፉ።

ትርንጎ ታብሌቱን አገላብጣ አየችው። ድምፅ ማጉያዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ወደ ቤት ገባችና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች። ለወንድሟ ወረቀት ስታወጣ በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«ካሜራ ብዬህ ነበር። ድምፅ አልፈልግም ብዬህ ነበር። ራስህን ነቀነቅህልኝ» ብላ ጻፈች።

አንገቱን ደፋ።

ወረቀቱን ከፊቱ መልሳ ወሰደችና እንደገና ጻፈች። «እማዬ የሞተች ቀን የነገርኩህስ? እሱስ ገብቶህ ነበር?»

አዝመራው ያንን ቀን ያስታውሳል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ትርንጎ እንባዋ እየወረደ ለረጅም ጊዜ በእጇ ነግራዋለች። እሱም ዓይኗን እያየ ራሱን ሲነቀንቅላት አምሽቷል። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አያውቅም። እስክሪብቶውን ተቀብሎ «አልገባኝም ነበር» ብሎ ጻፈ። እህቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

በማግስቱ ታብሌቱን ይዞ ሸምሱ ሱቅ ሄደ። ያን ቀንም ሱቁ ሰው ሞልቶበታል።

«ጋሽ አዝመራው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ዕቃው ደህና ነው፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ሁሉም እየሰሙት። «እህቴ መስማት አትችልም። የምታወራው በእጇ ነው። እጇ ጥርት ብሎ የሚታይበትን ስጠኝ።»

ሸምሱ ታብሌቱን ተቀበለው። «ይቺን ቃል ያን ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለ። «ዋጋው እኩል ነበር እኮ።»

ያ በዋጋ ክርክር ሰው የሚያስጨንቀው ነጋዴ ኩም ብሎ ቀረ። ሸምሱ የተገዛ ዕቃ መመለስ ልማዱ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሳይለመን ለወጠለት።

ለትርንጎ ግን ጊዜው አልፏል። ቦታው በሌላ ሰው ተያዘ፤ ቀጣዩ ፈተና በዓመቱ ነው። አዝመራው አዲሱን ታብሌት ሲሰጣት ተቀበለችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ፊቱ ቆማ በእጇ አንድ ነገር ነገረችው።

ራሱ በልማዱ መነቀነቅ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። ግራና ቀኝ ወዘወዘው፤ አልገባኝም ማለቱ ነበር።

ትርንጎ እንባዋ ግጥም አለ። ሃያ ዓመት ስታናግረው የመጀመሪያውን እውነተኛ መልስ የሰጣት ያን ቀን ነው። አጠገቡ ተቀመጠች፣ የእሱን ጣቶች በጣቶቿ ይዛ፣ ያንኑ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ አድርጋ ታስተምረው ጀመር።

ወዳጆቼ፣ ከሁለት እኩል ዋጋ ካላቸው ዕቃዎች የሚሻለውን የሚያውቀው ዕቃው የተገዛለትን ሰው የሚያውቅ ብቻ ነው። አዝመራው ገበያውን ያውቅ ነበር፤ እህቱን አያውቃትም። ደግሞ ማፈር በማይገባው ነገር አፍሮ፣ ማፈር በሚገባው ነገር ሳያፍር ሃያ ዓመት ኖረ። ለዚያ ደግሞ የከፈለችው እሷ ናት።

እኛስ? ሳይገባን ራሳችንን የምንነቀንቅለት ሰው ቤታችን ውስጥ ማን አለ? ዛሬ ስንገባ «አልገባኝም፣ እንደገና ንገረኝ» ብንለው ምን ይለን ይሆን?